የማይነጥር ኳስ

ባለፈው ሳምንት ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ የስፖርት ዕቃ መሸጫ ገብቼ የጫማ ማሰሪያ ስመርጥ፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ኳስ ሊገዛ መጣ። ሻጩ ከመደርደሪያው አንዱን አውርዶ ሰጠው። ሰውየው ኳሱን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ሴራሚኩ ላይ ፈጠፈጠው። ኳሱ ከራሱ በላይ ዘለለ። አየር ላይ ቀለበውና በእርካታ ራሱን ነቀነቀ። ሌላ ምንም ሳያይ ከፍሎ ወጣ።

በከተማችን ኳስ የሚመረጠው እንዲህ ነው። ሐብሐብ በጣት ይንኳኳል፣ የበግ ወገብ ይዳበሳል፣ ኳስ ደግሞ መሬት ላይ ይፈጠፈጣል። ከፍ ብሎ የዘለለ ይወደሳል፤ ያልዘለለ ወደ ክምሩ ይመለሳል። ለሰፊ ሜዳ ከሆነ እምብዛም ስህተት የለውም። ለአዳራሽ ግን የሚፈለገው ተቃራኒው ነው። ይህን ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሳልጠየቅ የመናገር ልማድ ግን የለኝም። ማሰሪያዬን ይዤ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ ልቤ ሰሚት ደርሷል፤ ዝናቡ አላባራ ወዳለበት ወደ አንድ የወጣትነቴ ክረምት።

ያኔ የምንኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነበር፤ ዛሬ ለሚ ኩራ ውስጥ የገባው ሰፈር ያን ጊዜ ገና በቦሌ ሥር ነበር። ከብሎኮቹ ጀርባ ያለው ሜዳችን ሐምሌ ሲገባ ጫማ ይውጣል። የቡድናችን አለቃ ከድር ነበር፤ አባቱ ከብሎካችን ምድር ቤት ሱቅ ያላቸው፣ ከታች ሲያወራ ድምፁ አራተኛ ፎቅ የሚሰማ ልጅ። ከድር ደጅ ጠንቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአንድ የግል ትምህርት ቤት አዳራሽ አስፈቀደልን። ወለሉ ልሙጥ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግራና ቀኙ መስኮት ነው። ቁልፉ በዘበኛው በጋሽ ደምሴ እጅ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን የሜዳውን ኳስ ይዘን ገባን። ኳሱ አበደ ማለት ይቻላል። ከወለል ወደ ግድግዳ፣ ከግድግዳ ወደ ቆርቆሮ ይዘላል፤ እኛ አንገታችንን ሰቅለን ስንጠብቀው እንውላለን። ሁለት ጊዜ መስኮት ለትንሽ ሳተ። ጋሽ ደምሴ በር ላይ ቆመው ሲያዩ ቆይተው በስተመጨረሻ ከድርን ጠሩት። «ልጆች፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ ኳስ ካላመጣችሁ ሳምንት ቁልፉን ታቅፌ እተኛለሁ» አሉት። ከድርም ወደ እኔ ዞረ። ስልክ ጥገና ከኢንተርኔት ላይ ለብቻዬ እየተማርኩ ስለነበር፣ ያልታወቀ ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይመራ ነበር። «አንተ ታነባለህ፣ አንተው ምረጥ» አለኝ። እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ግን ስለ መስኮቱ አስቤ አልነበረም።

ታላቅ ወንድሜ ሱራፌል የቡድናችን በረኛ ነበር። ሥራው ልስን ነው። በዚያው ዓመት ጥር ላይ አያት አካባቢ አንድ ሕንፃ ሲለስን፣ የቆመበት መወጣጫ ተንሸራቶ ወደቀ። ሕይወቱ ተረፈ፤ የቀኝ እጁ አንጓ ግን ክፉኛ ተሰበረ። ጄሶው ከፋሲካ በኋላ ተፈታ። ሐኪሙ እጁን ካላሠራው እንደሚደርቅ ነግሮት ነበር። ሱራፌል ግን እጁን ከሹራቡ ኪስ አያወጣም። ሻይ የሚጠጣው በግራ፣ እንጀራ የሚቆርሰው በግራ፣ በር የሚከፍተው በግራ ነው። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ቆሞ ታች ያለውን ሜዳ ያያል፤ ጭቃውን። ከድር መጥቶ ሲጠራው «እኔን ተዉኝ፣ ኳስ ጨርሻለሁ» ይለዋል፤ ቁጣ የለበትም፣ ድምፁ ብቻ ከሩቅ የመጣ ይመስላል። እናቴ አንድ ጠዋት ሽንኩርት እየላጠች፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ ሳይለይ፣ «እጁስ ይሁን፤ ልጁ ራሱ እየደረቀብኝ ነው» አለች።

እኔም ማታ ማታ ስለ አዳራሽ ኳስ ሳነብ አንድ ነገር ታየኝ። ፉትሳል የሚባለው ጨዋታ ኳሱ ከሜዳው ኳስ ትንሽ ያንሳል፤ እንደ ማነሱ ግን ቀላል አይደለም፣ እጅ ላይ ይከብዳል። ከራስ ከፍታ ሲለቀቅ ከጉልበት ብዙ አያልፍም። ወለሉን ተከትሎ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ኳስ በረኛ በእግሩ፣ በጭኑ፣ በደረቱ ሊያስቆመው ይችላል፤ እጁ ቀስ እያለ እስኪለምደው ድረስ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለሱራፌል አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩት፤ ኳስ ስገዛ ምኑን ልይ?

ዓይኑን ታች ካለው ሜዳ አልነቀለም። የሚመልስልኝ አልመሰለኝም ነበር።

«አሽከርክረው» አለ በመጨረሻ። «ወደ ላይ ወርውረህ ሲሽከረከር ስፌቱን እየው። የሚንገዳገድ ኳስ በረኛ ያዋርዳል።»

በማግስቱ ሾላ ሄድኩ። እናቴም የፍልሰታ ጾም ስለነበረ ሱፍና ቃሪያ ጨምራ አዘዘችኝ። ከመገናኛ በእግሬ ወረድኩ፤ ካፊያ ነበር፣ ሰው ሁሉ ላስቲክ በራሱ ላይ አድርጎ ይሮጣል። የበርበሬው ተራ እርጥብ አየር ስለያዘው ሽታው አፍንጫ አይወጋም፣ ጣፋጭ ነገር ይመስላል። ከፕላስቲክ ዕቃ ሻጮቹ ጎን አንድ ጫማና ኳስ የሚሸጥ ሰው አገኘሁ። ኳሶቹ በመረብ ተንጠልጥለዋል። ገና ስቀርብ አንዱን አውጥቶ ኮብልስቶኑ ላይ አነጠረውና ከራሱ በላይ ቀለበው። ሌላም አነጠረ፤ ያኛው ይብስ ዘለለ። የምፈልገው የማይዘለውን እንደሆነ ስነግረው እያሾፍኩበት መሰለው። መሬት ላይ ካለው ክምር ሥር አንድ ብርቱካንማ ኳስ ወጥቶ እግሬ ሥር ተንከባለለ። በላዩ ላይ የአራት ቁጥር አለበት። አነሳሁት፤ ከበደኝ።

«እሱን ተወው» አለኝ ሻጩ፣ ትንሽ አፍሮ። «ሞቷል። ያነሳው ሁሉ ይመልሰዋል።»

ከራሴ ከፍታ ለቀቅኩት። እስከ ጉልበቴ ዘለለ፣ ደገመ፣ ከዚያ ዝም አለ። ደስ አለኝ፤ ደስታዬን ግን ደበቅኩ። በአውራ ጣቴ ጫንኩት፤ ትንሽ ሰጠ፣ ወዲያው ተመለሰ። ያ ማለት ነፍስ አለው፤ አየር አንሶት አይደለም የማይዘለው፣ አፈጣጠሩ ነው። ስፌቱን በጥፍሬ ተከተልኩ፤ የተነሳ ክር የለውም። ቆዳውን በመዳፌ ዳበስኩ፤ ለልሙጥ ወለል የሚሆን ትንሽ ሻካራነት አለው። በመጨረሻ ሱራፌል እንዳለው አሽከርክሬ ወደ ላይ ወረወርኩት። ስፌቶቹ ሳይንገዳገዱ አንድ ላይ ዞሩ። ሻጩ ካፊያው እያረፈበት ያየኛል። ስከፍል የመንፊያ መርፌ መረቀልኝና፣ «ወንድሜ፣ ነገ መልስልኝ ብለህ እንዳትመጣ» አለኝ።

በሰፈራችን ደንብ ኳስ የሚያድረው አለቃው ቤት ነው። ስለዚህ ዓርብ ማታ ለከድር አስረከብኩትና ሱራፌል ዘንድ ሄድኩ። ነገ ና፣ ዝም ብለህ እይ አልኩት። እንቢ ይላል ብዬ ነበር። ኳሱን ማየት ሳይፈልግ አልቀረም፤ «ለማየት ብቻ» አለ፣ ሁለት ጊዜ።

ቅዳሜ ከሰዓት ዶፉ ወረደ። የአዳራሹ ቆርቆሮ እንደ ከበሮ ስለሚጮህ በጩኸት ነው የምንነጋገረው። ሱራፌል ሹራቡን ለብሶ፣ ቀኝ እጁን ኪሱ ከትቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ከድር ግን እንዲያ ቆሞ እንዲያይ አልተወውም። መጣና ትከሻውን አቅፎ፣ በረኛ እንደሌለን፣ ምንም እንዳይሠራ፣ እንጨት ነኝ ብሎ ብቻ እንዲቆምልን ለመነው። «እንጨትማ ሆኛለሁ» አለ ሱራፌል። ሹራቡን አወለቀ። እጁን ያለ ሹራብ ካየሁት ቆይቼ ነበር፤ ከግራው ቀጥኗል። ጎል ብለን ባቆምናቸው ሁለት ወንበሮች መካከል ገብቶ ቆመ።

የመጀመሪያው ምት እንደወጣ አንድ ነገር እንደተበላሸ ገባኝ። ድምፁ የእኔ ኳስ ድምፅ አልነበረም፤ ድንጋይ በድንጋይ ሲመታ ይመስል ነበር። ኳሱ ወለሉን ነክቶ ተነሳ። ሱራፌል በደመ ነፍስ ቀኝ እጁን አወጣ። መዳፉን መትቶት ወደ ግድግዳ ተወረወረ። ወንድሜ አንጓውን ይዞ አጎነበሰ።  ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል። ወደ እኔ አላየም። ወደ ሹራቡ ሄደ።

ሮጬ ኳሱን አነሳሁት። አውራ ጣቴ አልገባ አለው። ከድርን ተመለከትኩት፤ እንዲህ የጥፋተኛ ፊት ይዞ አይቼው አላውቅም።

«ማታ ስናነጥራት ሞታለች» አለ። «ተሸውደህ መስሎን፣ እንዳታፍር ብለን ነው... ጠዋት ጎሚስታው ጋ ወስደን አስነፋናት።»

ሱራፌል ሹራቡን አንድ እጅጌ እንዳጠለቀ ቆመ። «ጎሚስታ?» አለ። «ምን ያህል ነፋው?»

«እኔ እንጃ። የሚኒባስ ጎማ እየነፋ ነበር፣ በዚያው...»

የወንድሜ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። እያለቀሰ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀ ነበር። ከጥር ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው፤ ሳቁም ትንሽ ዝጎ ነበር፣ እንደ ሳል ጀመረው። በሰፈራችን ኳስ ሁሉ የሚነፋው ጎሚስታ ቤት ነው፤ የሜዳ ኳስ ስለሚችለው ማንም አስቦበት አያውቅም። በኮምፕሬሰር የተነፋ የአዳራሽ ኳስ ግን ለአንድ በረኛ ምን እንደሚሆን ከእሱ በላይ አሁን የሚያውቅ አልነበረም።

«ወዲህ አምጣው» አለኝ። መርፌውን ከኪሴ አውጥቼ አብሬ ሰጠሁት። ወለሉ ላይ ተቀመጠና ኳሱን በጉልበቶቹ መካከል ያዘው። መርፌውን በምራቁ አርሶ በግራው አስገባ። አየሩ ፉጨት እያሰማ መውጣት ጀመረ፤ ግን ኳሱን ከላይ የሚጫነው ያስፈልጋል። ከድር ጎንበስ ሊል ሲል እጁን ያዝኩት። ለምን እንደያዝኩት በጊዜው አላወቅኩም። ሱራፌል ጆሮውን አስጠግቶ እያዳመጠ፣ ቀኝ መዳፉን ኳሱ ላይ አሳረፈና ጫነ። ትንሽ ቆይቶ መርፌውን ነቀለ፣ ተነስቶ ኳሱን ከራሱ ከፍታ ለቀቀው፤ ወገቡ ጋ ደረሰ። ተቀምጦ እንደገና አስገባ፣ እንደገና ጫነ። ጣቶቹ ተዘርግተው ነበር። ስለ እጁ እያሰበ አልነበረም፤ እያሰበ የነበረው ስለ ኳሱ ነው። እኔ ግን ከእጁ ሌላ የማየው ነገር አልነበረኝም። መጨረሻ ላይ ቆሞ ለቀቀው፤ ኳሱ ከጉልበቱ ሥር ዘለለና ዝም አለ።

«አሁን ኳስ ሆነ» አለ፤ ወደ ወንበሮቹም ተመለሰ።

ያን ቀን ብዙ ገባበት። ቀኝ እጁ ሲዘገይ፣ እግሩ ሲቀድም፣ ኳሱ በሥሩ ሾልኮ ሲያልፍ ከድር በየተራው ይተርበው ነበር፤ «እንጨቱ በስብሷል» እያለ። ሱራፌልም ከበፊቱ ባልተናነሰ ይመልስለታል። ጋሽ ደምሴ በር ላይ ቆመው መስኮታቸውን ረስተው፣ ቦታ አያያዙን ያርሙት ጀመር። ስንወጣ ዝናቡ አባርቶ ጎርፉ በመንገዱ ዳር ይወርዳል። ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አንዲት ሴት እሸት በቆሎ ከሰል ላይ ትጠብሳለች። አንድ አንድ ያዝን። ሱራፌል ትኩሱን በሁለት እጁ እያቀያየረ ይፈለፍል ነበር። እናቴ በር ስትከፍት ወደ እጁ እንጂ ወደ ፊቱ አላየችም። ከዚያ ሱፍ ፍትፍቱን አቀረበችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች።

ስለዚያ ቀን ሳስብ አንድ ነገር እስከዛሬ አልለይልህ ይለኛል። ያን ኳስ ስመርጥ ያላጤንኩት አልነበረም፤ ክብደቱን፣ ስፌቱን፣ ቆዳውን። ሁሉም ልክ ነበር። ነገር ግን ከድር ሳይነካው በልኩ ቢመጣ ኖሮ፣ ወንድሜ እንጨት ሆኖ ቆሞ፣ በእግሩ እያስቆመ ጨርሶ ወደ በረንዳው የሚመለስ አይመስላችሁም? ልክ የነበረው ኳስ የሚፈልገው እግሩን ብቻ ነበር። የተበላሸው ነው እጁን የጠራው። ሰው ለሚወደው ሰው ነገር ሲያመቻች፣ ሁሉን ከጨረሰለት ለእጁ ምን ያስቀርለታል? ይህን ያወቅሁት ከማንበብ አይደለም።

ሱራፌል አሁን የራሱ ሠራተኞች ያሉት ለሳኝ ነው፤ ሚስትና ልጆች አሉት። እሁድ እሁድ ዛሬም በረኛ ሆኖ ይጫወታል። ማታ ይደውልልኝና የገባበትን ጎል ሁሉ አንድ በአንድ ይተርክልኛል፤ የማን ጥፋት እንደሆነ፣ ተከላካዩ የት ቆሞ እንደነበር፣ መብራቱ እንዴት ዓይኑን እንደወጋው። የእሱ ጥፋት የሆነ ጎል እስካሁን አልሰማሁም። ባለቤቴ እራቱ እየቀዘቀዘ መሆኑን በዓይኗ ታሳየኛለች። እኔ ስልኩን አልዘጋም። ያን ክረምት፣ በረንዳው ላይ ቆሞ ሲውል፣ ወንድሜ በማንም ላይ ቅሬታ እንኳ አልነበረውም። ስለዚህ ያውራ።