የሚሞቀው መርጫና ሦስቱ ሽማግሌዎች

ነገሩ የደረሰብኝ የዛሬ ሦስት ዓመት በጥር ወር ነው። እኔ ብዙ ነገር የምረሳ ሰው ነኝ፤ ይህን ግን አልረሳውም። በአንድ ጆግ የቧንቧ ውኃና በገዛ አፌ ምክንያት ትዳሬን ገና ሳልጀምረው ላጣው ነበር።

የምኖረው ሎስ አንጀለስ፣ እኛ ኤል ኤ የምንላት ከተማ ነው። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካሉት የሐበሻ ሱቆች ለአንዱ ዕቃ አመላልሳለሁ። ሜሮንን ያወቅኋትም እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው፤ ነርሲንግ ልትማር ከዩታ መጥታ ነበር። ሁለት ዓመት አብረን ከቆየን በኋላ ሽማግሌ ልላክ አልኳት። «ላክ» አለችኝ፤ «ግን አባቴን ጠንቀቅ በል። ያልሆነውን ነኝ የሚል ሰው አይወድም።» አባቷ ጋሼ በላቸው እዚያው ዩታ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ ለብዙ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው።

ሜሮን ቀድማ አባቷ ቤት ሄደች። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። ዋናው ጋሼ ታደሰ ጆሯቸውን ኦፕራሲዮን ከተደረጉ ወዲህ አውሮፕላን አይሳፈሩም፤ ስለዚህ በመኪና እንሂድ ተባለ። የሚነዳው ጓደኛዬ ዳዊት ነበር። በመነሻችን ቀን ጠዋት ከሥራው ሰው ጎደለ ብለው ጠሩት። ከእኔ በቀር የሚነዳ ጠፋ። አግቢው ራሱ ሽማግሌ ጭኖ ልጅቷ ደጅ መድረሱ ነውር መሆኑን አላጣሁትም። «አድርሻችሁ ራቅ ብዬ እቆያለሁ፤ ማንም አያየኝም» ብዬ ጋሼ ታደሰን በስንት ልመና አሳመንኳቸው።

ያኔ በመኪናዬ እኮራ ነበር። ያገለገለች ናት፤ የመጣችው ብርድ ከሚበረታባት ከሚኒሶታ ነው። የሸጠልኝ ሰው የፊት መስታወት ውኃ መርጫዋ በኤሌክትሪክ እንደሚሞቅ ነግሮኛል። ኤል ኤ ውስጥ ይህ ምን እንደሚፈይድ ባላውቅም ለሰው ሁሉ አወራዋለሁ። ኦሊምፒክ መንገድ ላይ ቤንዚን ስንቀዳ፣ ጋሼ ግርማ የሚባሉት ቀልደኛው ሽማግሌ «እዚያ በረዶ አለ ይላሉ፤ መኪናህ ሬዲ ናት?» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ ይቺ እኮ መርጫዋ ሳይቀር ሂተር አለው» አልኳቸው። ይህን ብዬ የመርጫውን ማጠራቀሚያ በቧንቧ ውኃ ጢም አድርጌ ሞላሁት። ፀሐይ አገር የምንኖር ሰዎች ሁልጊዜ የምንሞላው ውኃ ነው፤ ሌላ ነገር አስቤም አላውቅ።

ዩታ መግቢያ ላይ ያለችው ሴንት ጆርጅ አድረን ጠዋት ጉዞ ቀጠልን። ቀጠሯችን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ተራራውን ስንወጣ ዳርና ዳሩ በረዶ ሆነ። አስፋልቱ ላይ ጨው ተበትኗል፤ ከፊታችን የሚሄዱት ትራኮች ጨውና ጭቃውን እያነሱ ይረጩብናል። መጥረጊያውን ሳስነሳው ጭቃውን መስታወቱ ላይ ለቀለቀው። መርጫውን ተጫንኩ። ጠብ የሚል ነገር የለም። ደግሜ ደጋግሜ ተጫንኩ፤ ያው ነው።

አንድ ትልቅ ትራክ ሲያልፈን ፊቴ ያለው መንገድ ጨርሶ ጠፋ። በዚያ ሁሉ ብርድ ላብ አጠመቀኝ። ከኋላ የተቀመጡት ሦስተኛው ሽማግሌ ፓስተር ናቸው፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መጸለይ ጀመሩ። ጋሼ ታደሰ «ቀስ በል ልጄ፣ ቀስ በል» ይሉኛል። የጎኔን መስታወት ዝቅ አድርጌ፣ አንገቴን አውጥቼ እያየሁ፣ እንደምንም በሚቀጥለው ኤግዚት ወጣሁና አንድ ቤንዚን ማደያ ገባሁ።

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ገና ከሁለት ሰዓት በላይ መንገድ ይቀረናል። ጋሼ ታደሰ ማርፈዳችንን ሳንናገር አንሄድም አሉና ጋሼ በላቸው ጋ ደወሉ፤ ሁላችንም እንድንሰማ ስፒከር ላይ አደረጉት። መስታወቱ አላሳይ እንዳለን፣ መርጫውም እምቢ እንዳለ ነገሯቸው።

«ማነው የሚነዳው?» አሉ ጋሼ በላቸው።

ሦስቱም ሽማግሌዎች እኔን አዩኝ።

«ሹፌር ነው» አሉ ጋሼ ግርማ ከኋላ ሆነው። ይህ እንኳ ውሸት አይደለም።

«እስቲ አገናኙኝ። ስምህ ማነው የኔ ልጅ?»

አፌ ቀደመኝና «ዳዊት» አልኩ። ፓስተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሶ ዳዊት፣ ታንኩ ውስጥ ምንድነው ያለው? ሰማያዊው ፈሳሽ ነው?»

ሂተር አለው እኮ ልል አሰብኩና አፈርኩ። «ውኃ ነው ጋሼ። የቧንቧ ውኃ ነው፤ የሞላሁትም እኔው ነኝ።»

«የኤል ኤ ሰው!» አሉ እየሳቁ። «ውኃው በረዶ ሆኖብሃል። በል መጫኑን ተው፤ ፓምፑን ታቃጥለዋለህ። የት ናችሁ?» ስነግራቸው አካባቢውን እንደ ጓዳቸው ያውቁታል። «ኦኬ። ከማደያው ጀርባ በርና ግድግዳ ያለው መኪና ማጠቢያ አለ፤ ውስጡ ይሞቃል። እዚያ ፓርክ አድርግና ሞተሩን አጥፋ። ኮፈኑን ከፍተህ ማጠራቀሚያውንና ቱቦውን ከላይ በሙቅ ውኃ እጠባቸው። ሲቀልጥልህ ውኃውን በመርጫው ረጭተህ ጨርሰው። ከዚያ በብርድ የማይረጋውን ሰማያዊ ፈሳሽ ግዛና ሙላ። አትቸኩል። ሽማግሌዎቹን በደህና አምጣልኝ።»

እንዳሉኝ አደረግሁ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። በመጨረሻ መርጫውን ስጫን ሰማያዊው ፈሳሽ ተፈናጥሮ መስታወቱን ጥርት ሲያደርገው አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የቀረውን መንገድ በሰላም ነዳን። አንድ ነገር ብቻ ከሐሳቤ አልወጣ አለ፤ ስሜ።

ሽማግሌዎቹን ደጅ አድርሼ መኪናዋን መንገዱ ጫፍ ላይ አቆምኳትና ሞተሩን ሳላጠፋ ተቀመጥኩ። ብዙ ሳይቆይ መስታወቱ ተንኳኳ። ሙሉ ልብስ ላይ ወፍራም ካፖርት የደረቡ ረጅም ሰው ቆመዋል።

«እዚህ ሰፈር ከአንተ ሌላ የካሊፎርኒያ ታርጋ የለም» አሉኝ ጋሼ በላቸው። «ሹፌር ብርድ ላይ አይቀመጥም፤ ና ግባ። በፊት ግን ኮፈኑን ክፈትልኝ።»

ከፈትኩላቸው። ጣቴን ይዘው የመርጫውን ጫፍ አስነኩኝ። ይሞቃል።

«አየህ፣ ውስጧ ትንሽ የምትሞቅ ሽቦ አለች» አሉኝ። «ብርድ ሲሆን ራሷ ትበራለች። ሥራዋ ይቺ ቀዳዳ በበረዶ እንዳትደፈን ነው፤ በቃ። ማጠራቀሚያው ከሷ ምንም ሙቀት አያገኝም። የሞላኸው ውኃ ደግሞ እዚያው ታች በረዶ ሆኖ ቀረ። ሶ ሂተሩም ያስፈልጋል፣ ፈሳሹም ያስፈልጋል።»

እንዲህ ልጃቸውን እንደሚያስተምር አባት ሲያስረዱኝ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ውስጥ ሽማግሌዎቹ ለእኔ ሊለምኑ ተቀምጠዋል፤ እኔ እዚህ ዳዊት ሆኜ ቆሜአለሁ። ሜሮን ያለችኝ ትዝ አለኝ። እውነቱን ብናገር ሽማግሌዎቼን አዋርዳለሁ፤ ዝም ብል ደግሞ በውሸት ስም ቤታቸው ልገባ ነው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «ዳዊት አይደለሁም። ስሜ ኤርሚያስ ነው። ሽማግሌ የላክሁት እኔ ነኝ።»

ኮፈኑን ቀስ ብለው ዘጉት።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ሜሮን ድምፅህን በስልክ ስትሰማ የያዘችውን ትታ ወጥ ቤት ሮጠች። የወለድኳት ልጅ ናት፤ ለሹፌር እንደማትሮጥ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ስምህን ራስህ እስክትነግረኝ ነው። ባትነግረኝ ሻይ ጠጥተህ ትመለስ ነበር።»

አብረን ስንገባ ሽማግሌዎቹ ደንግጠው ከመቀመጫቸው ተነሱ። ጋሼ ታደሰ መሬት መሬት ያዩ ነበር። ጋሼ በላቸው አስቀመጧቸውና ራሳቸውም ተቀመጡ።

«እንግዲህ በወጉ ቢሆን፣ ዘመድ ላማክርና ሌላ ቀን ተመለሱ ማለት ነበረብኝ» አሉ። «ግን በዚህ መንገድ፣ በዚህ ሹፌር፣ እናንተን ሁለተኛ አላስመጣም። ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ጋሼ ግርማ ሳቃቸውን ለቀቁት፤ ከወጥ ቤት በኩል ደግሞ አንድ ብርጭቆ ወድቆ ሲሰበር ተሰማ።

ውኃውን ሳስብ ዛሬ ያስቀኛል፤ የማያውቅ ሰው ይሳሳታል። በስሜ በመዋሸቴ ግን እስከ ዛሬ ትንሽ አፍራለሁ። ባለፈው ወር ሴት ልጃችን አንድ ዓመት ሞላት። አያቷ ከዩታ መጥተው ጭናቸው ላይ ተኝታ ሳያት፣ ያን ዕለት ሻዬን ብቻ ጠጥቼ ልመለስ ምን ያህል እንደቀረኝ አሰብኩ። ከዚያ ተነስቼ ብርድ ልብስ አለበስኳቸው፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።