ሰፈሩን ወንዝ ያወረደው የቤት ሥራዬ

ይህ የሆነው ጭሮ ከተማ፣ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። ዓመታት አልፈውታል፤ ግን ለሕዝብ የሚነበብ ነገር ልጽፍ በተቀመጥኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የጽሑፍ መምህራችን አንድ ጉዳይ መርጠን ለሦስት ዓይነት አንባቢ እንድንጽፍ አዘዘን፤ ለምሁራን፣ ለመሥሪያ ቤት ኃላፊ እና ለሰፈር ነዋሪ። እኔ ከቤታችን በታች ያለውን ምንጭ መረጥኩ። ውሃው ተበክሏል የሚለው የራሴ ፈጠራ ነበር። ለምሁራን የጻፍኩት ብዙ ገጽ ፈጀ። ለነዋሪው ግን በአማርኛም በኦሮምኛም አጠር አድርጌ፣ «የዚህን ምንጭ ውሃ አትጠጡ። ልጆቻችሁ ይታመማሉ» አልኩ።

ጽሑፉን ያተመልኝ ኮምፒውተር ቤት ያለው አብዲ ነው። ሲያትም አንብቦታል፤ ምንም አልጠየቀኝም። ከወጣሁ በኋላ ለነዋሪው ከጻፍኩት አንድ ቅጂ ጨምሮ አውጥቶ በሩ ላይ ለጠፈው።

በማግስቱ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስወርድ ምንጩ ጋ ሰው የለም። ግራ ገብቶኝ ጀሪካኔን ስደቅን ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ከወንዙ በኩል ውሃ አዝለው መጡ። ወንዙ ረጅም ቁልቁለት ተወርዶ የሚደረስበት፣ ከብት የሚጠጣበት፣ ልብስ የሚታጠብበት ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ድፊው! ተበክሏል» አሉኝ።

«ማን አለ?»

«አብዲ በር ላይ ተጽፏል። አስነብቤ ነው የሰማሁት።»

ያኔ ገባኝ።

«አዴ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የቤት ሥራ ነው፤ እውነት አይደለም።»

ጀሪካናቸውን አወረዱ። «እውነት ካልሆነ ልጆች ይታመማሉ ብለሽ ለምን ጻፍሽ?»

«ለተለያየ ሰው መጻፍ እየተማርን ነው።»

«ለእኛ ሲሆን ውሸት ነው የምትማሩት?»

ከወንዝ የሚመለሱ ሌሎች ሴቶችም ከበቡን። ብምል ብገዘት የሚያምነኝ ጠፋ። አንዷማ «የመሥሪያ ቤት ሰዎች ዝም በይ ብለዋት ነው» አለች። ሲጨንቀኝ ጎንበስ ብዬ በእፍኜ ቀድቼ ጠጣሁ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። የፈጠርኩት ወሬ ለራሴም እውነት መስሎኝ ነበር።

አዴ ፋጡማ ፊቴን አተኩረው አዩኝ። ከዚያ የወንዙን ውሃ ደፍተው ከምንጩ ቀዱ። ሌሎቹ አልተከተሏቸውም። ወረቀቱን ሮጬ ሄጄ ብገነጥለውም፣ ሴቶቹ ወደ ምንጩ የተመለሱት ከቀናት በኋላ የጤና ባለሙያ መጥታ ካስረዳቻቸው ወዲያ ነው። በዚያ መሀል የታመመ ልጅ አልነበረም፤ አላህ አተረፈኝ።

የቤት ሥራው ታርሞ ሲመለስ፣ ለምሁራን በጻፍኩት ላይ መምህሩ በየአንቀጹ «ማስረጃሽ የታለ?» ብሎ ነበር። ለነዋሪው በጻፍኩት ላይ ያለው «ግልጽና አሳማኝ» ብቻ ነው።

ዛሬ ማስታወቂያ መጻፍ የሥራዬ አካል ነው። ያን ጠዋት ሳስበው አሁንም አፍራለሁ። ከኀፍረቱ ይልቅ የሚከብደኝ ግን፣ እነዚያ ሴቶች አንድ ወረቀት አምነው ያን ሁሉ ቁልቁለት መውረዳቸው ነው።