የልብስ ሰፊው እህት

የያዙኝ ከቢሮ ነው። አሶሳ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመሬት ባለሙያ ነበርኩ። በአንድ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ አጭር አስተያየት ሰጠሁ፤ በሳምንቱ ሁለት ሰዎች መጥተው «ለጥያቄ እንፈልግሃለን» አሉኝ። የጠረጴዛዬን መሳቢያ ቆልፌ ተከተልኳቸው። ቁልፉን ለማን እንደምሰጥ ሳስብ ፖሊስ ጣቢያ ደረስን።

የገባሁበት ክፍል ቀድሞ መጋዘን ነበር። በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ገና የሰሊጥ ፍሬ ይገኛል። መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው ሥር በተተወ ክፍተት ትንሽ ብርሃን ይገባል። ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ ይግላል፤ እኩለ ቀን ላይ ሁላችንም ሸሚዛችንን አውልቀን ሲሚንቶው ላይ እንጋደማለን። ከእኔ ጋር አሥራ አራት ሆንን።

በግራው ጥግ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ የተቀመጠ ሰው ነበር። ዕድሜው ወደ አርባ ይጠጋል። ስገባ አላየኝም። ከግድግዳው ጋር ያወራ ነበር፤ ይጠይቃል፣ መልስ ይጠብቃል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ገበያው ዳር የልብስ ስፌት መኪና የነበረው ሰው መሆኑን ነገሩኝ። የአእምሮ ሕመም አለበት። ክኒኑን ባቋረጠ ሰሞን ገበያ መሀል ቆሞ ለሚሰማው ድምፅ ጮክ ብሎ መለሰለት። በመልሱ ውስጥ የባለሥልጣን ስም ነበረበት። ፖለቲካ ተብሎ ተመዘገበ።

ኮሮና የገባበት ጊዜ ነበርና ጠያቂ ተከልክሏል። ከውጭ ምግብም ሆነ ልብስ አይገባም። ቤተሰቦቻችን በየቀኑ መጥተው ከአስፋልቱ ማዶ እንደሚቆሙ ፖሊሶቹ ይነግሩናል፤ እኛ አናያቸውም፣ ድምፃቸውንም አንሰማም። በዚያ ክፍል ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነበር። ደህና የነበሩት ሰዎች እንኳ ቀስ በቀስ ዝም እያሉ መጡ።

ልብስ ሰፊው ግን ዝም አይልም። ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል። ሲብስበት በሩን በግንባሩ ይመታል። እውነቱን ልጻፍ፤ መጀመሪያ ፈራሁት፣ በአራተኛው ቀን ጠላሁት። ከፖሊሶቹ መካከል አንድ ከቡለን የመጣ ሺናሻ ያቀርበን ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ወረቀትና እስክሪብቶ ለመንኩትና ማመልከቻ ጻፍኩ። «ለራሱም ሆነ ለእኛ ደኅንነት ሲባል ወደ ሌላ ክፍል እንዲዛወርልን» የሚል ነው። ሌላ ክፍል ማለት ከጀርባ ያለችው አንድ ሰው ብቻ የምትይዘው ክፍል ናት። ሰንሰለት እንዳለባት ሁላችንም እናውቃለን። ማመልከቻው ላይ ይህን አልጻፍኩትም። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው፤ አሥራ አንድ ሰው ፈረመ።

አንድ ሰው እንቢ አሉ። ዕድሜያቸውን መንጌ ወንዝ ዳር ወርቅ በማጠብ የገፉ የበርታ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም «አባባ» እንላቸዋለን።

«እኔ አይፈርምም» አሉ። «ይሄ ሰው እዚያ ብቻው ሲሆን፣ ከማን ጋር ያወራል?»

«አሁንም የሚያወራው ከግድግዳ ጋር ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

«አሁን እኛ እንሰማለን» አሉ።

ወረቀቱን በማግስቱ ለፖሊሱ ሰጠሁት።

በዚያው ቀን ከሰዓት ያ ፖሊስ በሩን ገርበብ አድርጎ ቆመ። ግራ የተጋባ ይመስላል።

«የዚህ ሰውዬ እህት ውጭ ቆማ አላስቀምጥ አለችኝ» አለ። «ክኒኑን ተቀበለኝ አለች፤ አይቻልም አልኳት። እንግዲያው ቃል አድርስልኝ አለችኝ። ቃል በሽታ አያስተላልፍም አለችኝ።»

«ምን አለች?» አሉ አባባ።

ፖሊሱ በጣቱ እየቆጠረ ነገረን። የሚሰማውን ድምፅ የለም ብላችሁ አትከራከሩት፣ አለም አትበሉት፤ እኛ አይሰማንም፣ አንተ ግን እንደጨነቀህ እናያለን በሉት። ከግድግዳው አርቃችሁ በሰው መካከል አስቀምጡት። ከኋላው አትምጡበት። ጠዋት ሳይታጠብ አይዋል። እጁም ሥራ አይፍታ።

«አምስት ነው ያለችኝ» አለ። «አምስት ሆነ?»

«ሆነ» አልነው።

አባባ መሀል ላይ የነበረውን ቦታቸውን ለቀቁለት። ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት ውዱ ከሚሰጣቸው ውሃ ላይ ቀንሰው ፊቱንና እግሩን አጠቡት። ከዚያ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብለው፣ «ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ እኛ አይሰማም። አንተ ጨነቀህ፣ እናያለን» አሉት። ልብስ ሰፊው ረጅም ጊዜ አያቸው። ከገባሁ ጀምሮ የሰው ፊት ሲያይ ሳየው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ለእጁ ሥራ መፈለግ ግን ቀላል አልነበረም። መርፌ አይታሰብም። አንዱ ከሚተኛበት ጆንያ ላይ ክር መዘዘና ሰጠው። ሰውዬው ክሩን ገመደው፤ ከዚያ በጣቱ እየለካ በየመሀሉ ቋጠረበት። ምን እየሠራ እንደሆነ የገባን ሲጨርስ ነው። ሜትር ነበር። በማግስቱ ጠዋት እንደታጠበ ወደ እኔ መጣ።

«ተነሥ» አለኝ። ተነሣሁ።

«ኮት ነው ሱሪ?»

«ሱሪ።»

«ለመቼ?»

«ለምወጣበት ቀን።»

ወገቤን ለካ፤ ከወገቤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ለካ። «ከስተሃል» አለ። «ስትወጣ ትወፍራለህ፤ ሁለት ጣት ልጨምርልህ።»

ካቴና ሊያጠልቅልኝ ካልሆነ በቀር የሰው እጅ ከነካኝ ሳምንታት አልፈዋል። ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ። ዞር ስል ከኋላዬ ሦስት ሰዎች ተራ ይዘው ቆመዋል። በዚያ ሳምንት ሁሉንም ለካ። ለወራት ቃል ያልተነፈሰ አንድ አስተማሪ ስለ ኮቱ ኪስ ግማሽ ቀን ተከራከረው። አባባ ጀለቢያ አዘዙ፤ ረዘም ያለ፣ ለጁምዓ። ሰውዬው ልኬታችንን በቃሉ ይዞታል፤ ስንፈትነው አንድም አልሳተም።

የእህቱ ቃል በየቀኑ ይመጣ ነበር። ባሚያ እንደሚወድ፣ ዝናብ ሲመጣ እንደሚጨንቀው፣ ሲስቅ አብረውት እንዲስቁ እንጂ እንዳይስቁበት። ፖሊሱ እንደ ትእዛዝ ይደግመዋል፤ እኛም እንደ ትእዛዝ እንቀበለዋለን። ሴትዮዋን ማናችንም አይተናት አናውቅም፤ ግን ትታዘበናለች ብለን እንፈራት ጀመር።

ቃል ግን ክኒን አይሆንም። አንድ ቀን ከሰዓት ከባድ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰውዬው ተነሥቶ በሩን በግንባሩ መታ፤ ደም ፈሰሰው። ጩኸቱ ጣቢያውን ሁሉ አዳረሰ። በማግስቱ ጠዋት ኃላፊው አስጠራኝ። ማመልከቻዬ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ጽሑፍህ ግልጽ ነው። ዛሬ እናዛውረዋለን። አንተንም መስኮት ያለው ክፍል አስቤልሃለሁ፤ እዚያ ከተማረ ሰው ጋር ትሆናለህ።»

ከመስኮቱ ምናልባት አስፋልቱ ይታያል፤ ከአስፋልቱ ማዶ ምናልባት ባለቤቴ ትታያለች። እሺ ልለው ቃጣኝ። በዚያ ዛሬም አልኮራም።

«ተሳስቼ ነው የጻፍኩት» አልኩ። «ሰውዬው ከእኛ ጋር ይቆይ። እኔም እዚያው ልሁን። የሚያስፈልገው ክኒኑ ነው፤ እህቱ በር ላይ ይዛው ቆማለች።»

«አንድ ነገር ቢሆን ማን ይጠየቃል?»

«እኔ።»

በዚያው ወረቀት ጀርባ ላይ አስፈረመኝ። ስመለስ ልብስ ሰፊው በጨርቅ ግንባሩን ታስሮ መሀል ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጥኩና እንዲዛወር ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ መሆኔን ነገርኩት።

«ስታነብ ሰምቻለሁ» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ምንም አላልከኝም?»

«ከግድግዳው ይሁን ካንተ አላወቅኩም ነበር» አለኝ። «ካንተ መሆኑ ይሻላል። አንተን እንዲህ ማናገር ይቻላል።»

ክኒኑ ከቀናት በኋላ ገባ። እህትየው ከሆስፒታል ማኅተም ያለው ወረቀት አጽፋ፣ ያ ፖሊስም ወረቀቱን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ዞሮ ነው የገባው። ቀስ እያለ መተኛት ቻለ። ከእኔ በፊት ተፈታ። አባባም ዝናቡ ሳያበቃ ወደ መንጌ ተመለሱ።

ከወጣሁ በኋላ ነው ሌላውን ግማሽ የሰማሁት፤ የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። እኔ በተያዝኩ ሰሞን ባለቤቴን ጎረቤት ሸሽቷት፣ እሷም ሰው ሸሽታ ቤቷን ዘግታ ነበር። አንድ ቀን ከአስፋልቱ ማዶ ስትቆም አንዲት ረጅም የበርታ ሴት ራቅ ብላ ስሟን ጠየቀቻት፤ ቀጥላ እህል ቀምሳ እንደሆነ ጠየቀቻት። አልቀመሰችም። ሴትዮዋ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ሣህን ላይ አስቀምጣላት ዞር አለች። ከዚያ ወዲያ የባለቤቴ ድምፅ በጠፋ ቀን አጥር ድረስ መጥታ፣ መልስ እስክታገኝ ድረስ ከውጭ ታወራለች። እዚያ የሚቆሙትን ሴቶች ሁሉ እንዲሁ ታደርግ ነበር። የማን ልጅ እንደታመመ፣ ማን እንደማትተኛ ታውቃለች። እኛ ውስጥ ሆነን ወንድሟን ስንጠብቅላት፣ እሷ ውጭ ሆና ቤታችንን ትጠብቅልን ኖሯል። ስለዚህ ነገር ለፖሊሱ አንድ ቃል አልነገረችውም።

ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ በልብስ ሰፊው እህት ግቢ ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ሰዎች ይሰበሰባሉ። የአእምሮ ሕመም ያለበት ቤተሰብ ያላቸው ናቸው፤ ከባምባሲም ከቶንጎም የሚመጡ አሉ። ሐኪም ዘንድ ከሚሄደው ጋር አብራ ትሄዳለች፤ የሐኪም ቤቱን ካርድ ማንበብ የማይችለውን እኔ አነብለታለሁ። እዚያ የእኔ ሥራ ይህ ነው። ደመወዜ ተመልሶልኛል፣ ወንበሬም ተመልሶልኛል፤ ግን በሳምንቱ ውስጥ ሰው መሆኔ የሚሰማኝ በዚያ ሰዓት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ገበሬ ሚስቱን በባጃጅ አምጥቶ ነበር። እጆቿን በገመድ አስሯቸዋል። ክፉ ሰው አይመስልም፤ የደከመ ሰው ነው። በሰጠነው ወንበር ላይ አልተቀመጠም። እህትየው ሴትዮዋን ሰላም አለቻት፣ ውሃ አስመጣችላት። እኔ ገመዱን ልፈታ ጎንበስ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«ተወው» አለችኝ። ወደ ባልየው ዞረች። «አንተ ፍታት፣ ወንድሜ። እኛ ከፈታናት እኛን ነው የምታምነው። ቤት የምትመለሰው ካንተ ጋር ነው።»

ሰውዬው ሚስቱ ፊት ተንበረከከ። ቋጠሮውን አጥብቆት ነበርና ቶሎ አልፈታ አለው። ማንም አላገዘው፣ ማንም አላጣደፈውም። ሴትዮዋም እጆቿን እንዳይቸገር ትንሽ ወደ እሱ አቀረበችለት።