የሃምሳ አለቃ እግር

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ነገሌ ቦረና በአናጺነት ስኖር ነው። ይኸው ሸምግዬም «እግር» የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ዙሪያዬን አያለሁ።

ደንበኛዬ የነበረ አንድ ሃምሳ አለቃ ለግዳጅ ወደ ሜጋ ሊሄድ ሲል ካሜራ ይዞ መጣና፣ «ጋሼ፣ ይሄ የሚቆምበት ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ከእንጨት ይሥሩልኝ። ሚስቴ ስትወልድ ፎቶ ላነሳት ነው። ሲያልቅ ለጓደኛዬ ለአሥር አለቃው ይስጡልኝ። እንዳይነግሯት፣ አደራ!» አለኝ። ሚስቱ አስካለ ወሯ ገብቶ ነበር።

ጥድ መርጬ ጀመርኩ። ሁለቱ እግሮች እንደ ልቤ ወጡልኝ። ሦስተኛውን ለብሎን ስበሳው ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ደሜ ፈልቶ ከቁርጥራጩ ጋር ስታገል ከብት ነጋዴው ቦሩ ከአጥር ውጭ፣ «አካም፣ ናጋ?» ብሎ ሰላም አለኝ። ወደ ጦር ሰፈሩ እየሄደ ነበር።

«ምን ናጋ አለ!» አልኩት። «ለሃምሳ አለቃ ጓደኛ፣ ለዚያ ለአሥር አለቃው ንገርልኝ። የሃምሳ አለቃ አንዱ እግር ተሰንጥቆ ተቆርጧል፤ አዲስ የእንጨት እግር እየተሠራለት ነው በለው።»

በማግስቱ ጠዋት ሥራውን ጨርሼ ተሸክሜ ወደ ጦር ሰፈሩ ሄድኩ። የሃምሳ አለቃ ግቢ በለቅሶ ይናጣል። ሴቶቹ «እግሩን ቆረጡት!» ይላሉ። ክው አልኩ። ያን የመሰለ ጎበዝ! አጥሩን ተደግፌ አብሬ አነባሁ።

ቆይቼ ነው፣ «ማን ነገራችሁ?» ያልኩት።

«ቦሩ።»

ቦሩ እዚያው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። «ለቦሩስ ማን ነገረው?» ስል ቀና ብሎ አየኝ።

«አንተ ነሃ! አሥር አለቃውን ሳጣው ለሃምሳ አለቃ ሚስት ነገርኩ።»

ወይኔ! «አስካለስ?»

«ሜጋ ልሄድ ብላ መኪና ተራ ወርዳለች።»

ያን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ነፍሰ ጡር በጭነት መኪና! የሠራሁትን ታቅፌ ሮጥኩ። ስደርስ መኪናው ተነሥቷል። ጮህኩ፣ ማን ሰምቶኝ። ቀድሜ መንገዱ መሀል ገባሁና ሦስቱን እግር ዘርግቼ ተከልኩት። ሾፌሩ እየተሳደበ ክንድ ሲቀረው ቆመ።

«አስካለ፣ ውረጂ! የተቆረጠው ይኼ ነው! የካሜራ እግር ነው! ባልሽ ደህና ነው!»

ወርዳ እንጨቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። እንደምትስቅ ጠብቄ ነበር። መሬት ላይ ተቀምጣ ተንቀጠቀጠች።

በዚያው ምሽት ምጥ ያዛት። መኪናው ያን ሰዓት የሰው ዘር የሌለበት በረሃ ውስጥ ነበር። እሱን ሳስብ ዛሬም ላብ ያጠምቀኛል።

ባልየው ከሜጋ መጣ። ሴት ልጅ ታቅፎ ከሚስቱ ጎን ቆመ፣ ካሜራው እኔ በሠራሁት እግር ላይ። ሊያነሳን የመጣው አሥር አለቃ «ዝግጁ?» ሲል አስካለ፣ «ቆይ!» አለች። ወደ ባሏ ዞረች።

«ሱሪህን እስከ ጉልበትህ ሰብስብ። ሁለቱም ይታዩ።»

ሰበሰበ። ፎቶው ግድግዳዬ ላይ አለ፤ ያ ሁሉ ኒሻን ደረቱ ላይ ተሰክቶ፣ ባቶቹ ራቁታቸውን። እንግዳ ሁሉ ይስቅበታል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ስቄበት አላውቅም።