ጠላ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ

ሁለት ሰዎች ቀይ ቀለም ይዘው መጥተው ጌጃ ሰፈር ባለችው ጠላ ቤቴ ግድግዳ ላይ ቁጥር ሲጽፉ ደስ ብሎኝ ነበር። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፣ ቁጥር ግን አይጠፋኝም። ቤቴ መዝገብ ገባች ብዬ ለሁለቱም አንዳንድ ጣሳ ቀዳሁላቸው። ጠጥተው፣ አመስግነው ሄዱ። ጥግ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ደንበኛዬ፣ አናጢው፣ ብቻቸውን ይስቃሉ።

"ምን ያስቅዎታል ጋሼ?"

"ቤቷን ለሚያፈርሱ ሰዎች ጠላ የጋበዘች ሴት አይቼ አላውቅማ።"

ቁጥሩ ለምን እንደተጻፈ ያኔ ገባኝ። ድሮም ፈሪ ነኝ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቼን የማሳድገው በዚያች ጠላ ነው፤ ሌላ ሥራ አላውቅም። ሰፈሩ ሲፈርስ ልጆቼን በምን አበላለሁ? ጥያቄው ሆዴ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

ዕጣ ቀናኝና እዚያው ልደታ ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ፣ አራተኛ ፎቅ። ሰው "እንኳን ደስ ያለሽ" ሲለኝ እኔ ትልቁን የጠላ ጋን እያየሁ አለቅሳለሁ። አራት ሰው ተሸክሞት ሲወጣ ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ተቀረቀረ። የሚወርደውም የሚወጣውም ቆመ። አንዲት ለሥራ የለበሰች ሴት ከጋኑ ማዶ ሆና፣ "እናንተ፣ ረፍዶብኛል፤ በላዩ ልለፍ ወይስ በውስጡ?" ትላለች። እኔ ከታች ሆኜ ይቅርታ እለምናለሁ።

ጠላ ቤት የሚታወቀው ደጁ ላይ እንጨት ተተክሎ ጣሳ ሲደፋበት ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ደጅ አለ? ጣሳዬን በረንዳው ብረት ላይ አስሬ ወደ ውጭ አንጠለጠልኳት። ትልቋ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከታች አይታት ኖሮ እየሳቀች ገባች።

"እማዬ፣ ሰው ሁሉ ዲሽ ሲሰቅል አንቺ ጣሳ ሰቀልሽ? ስንት ቻናል ይስባል?"



አናጢው ግን ጣሳዋን አይተው መጡ። በየፎቁ እያረፉ ወጡና ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። "ለሰማይ ቤት እንዲህ ቀርቤ ጠጥቼ አላውቅም" አሉ። ሦስተኛውን ጣሳ ጨርሰው ሲነሱ አንዴ እግራቸውን፣ አንዴ ደረጃውን አየሁና ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ክንዳቸውን ይዤ እስከ ታች አወረድኳቸው። ከዚያ ወዲያ የመጣውን ሁሉ ደግፌ ማውረድ ሥራዬ ሆነ። እነሱ ጠጥተው እኔ እንገዳገዳለሁ። አንዱ ቢወድቅብኝስ እያልኩ እህል አልወርድልሽ አለኝ። ማንም ሳያስገድደኝ በሦስተኛው ሳምንት ጣሳዋን አወረድኳት። ቤት ውስጥ የቀረን ጤፍ ለአንድ ወር አይሆንም ነበር።

በዚያው ሳምንት ያቺ ጋን መንገድ የዘጋባት ሴት በሬን አንኳኳች። ከእኔ በታች ሦስተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው፤ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ናት። እናቷ ከአገር ቤት የላኩላትን አንድ ከረጢት ዛላ በርበሬ ታቅፋለች።

"እትዬ፣ በረንዳ ላይ ባሰጣው ነፋስ ለጎረቤት አደለው። ቤት ውስጥ ብወቅጠው ልጄ በማስነጠስ ሊያልቅብኝ ነው። እርስዎ ያውቁበት ይሆን?"

ማወቁንስ አውቃለሁ። ከሕንፃው ሥር ሁሉም የሚጠቀምባት ማብሰያ ቤት አለች። እዚያ ወርጄ ቀነጠስኩት፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብሉ ጋር ደለዝኩት፣ አደረቅኩት፣ ቅመሙን አምሼ ጨምሬ አስፈጨሁላት። "ስንት ልክፈል?" ብትለኝ ተቀየምኩ። ጌጃ ሰፈር በርበሬ የሚዘጋጀው ሴቶች ተጠራርተው ነው፣ ዛሬ ያንቺ፣ ነገ የእኔ። ከጎረቤት በርበሬ ላይ ገንዘብ መቀበል እንዴት ያለ ነውር ነው። "ጎረቤቴ አይደለሽም? ሂጂ ወዲያ" አልኳት። ሌሎች ሁለት ሴቶችም አመጡ፣ ለነሱም እንደዚያው። ከዚያ ጭጭ። ማንም ዝር አላለም። ጨው አብዝቼባቸው ይሆናል ብዬ ስጨነቅ ከረምኩ።

ትልቋ ልጄ ግን ደብተሯን ቀደደችና "በርበሬና ሽሮ እናዘጋጃለን" ብላ ከነዋጋው ጽፋ በሩ ላይ ለጠፈችው።

"አዋረድሽኝ" አልኳት።

"እማዬ፣ ሕንፃውን በሙሉ በነፃ ልትመግቢው ነው? እኛንስ ማን ይመግበን?"

ልቀደው ስነሳ ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ። ሮጬ መኝታ ቤት ገባሁ። ጸሐፊዋ ናት። ወረቀቱን ጮክ ብላ አነበበችውና "እትዬ የሉም?" አለች።

"አለች፣ ተደብቃ ነው" አለች የእኔው ጉድ።

ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ወጣሁ። ሴትየዋ ግን እፎይ እንዳለ ሰው ቁጭ አለች።

"እትዬ፣ ሽሮ ላሠራ ካሰብኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። አንዴ በነፃ ሠርተውልኝ በምን ዓይኔ ልመለስ? እኔም ልቀንጥስልዎት እንዳልል ቢሮ ነው የምውለው። ደረጃ ላይ ሲመጡ ባየሁ ቁጥር እኮ የምመለስ ነኝ።"

"እኔ ደግሞ በርበሬዬ አልጣመሽም ብዬ" አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን።

የመጀመሪያውን ክፍያ በሁለት እጄ፣ መሬት መሬት እያየሁ ተቀበልኩ። ሁለተኛውን ቀና ብዬ። እሷ ለቢሮ ጓደኞቿ አወራች፣ እነሱም ለሌላ። የሕንፃው ኮሚቴ በሳምንት ሁለት ቀን ማብሰያ ቤቷን ፈቀደልኝ፤ እኔም በርበሬ በሚታመስበት ቀን አስቀድሜ መስኮት ላዘጋ ቃል ገባሁ። በየበሩ እየዞርኩ "ዛሬ ዝጉ" ስል ግማሹ ያስነጥሳል፣ ግማሹ ያዛል።

ክረምቱ ገብቶ በርበሬ የሚያደርቅ ፀሐይ ሲጠፋ እንደገና ፈራሁ። ደንበኞቼ ግን የሽሮ እህል ይዘው መጡ፣ አተር፣ ሽንብራ፣ ባቄላ። መስከረም ላይ ሁለቱም ልጆቼ ደብተርና ጫማ ተሟልቶላቸው ትምህርት ቤት ሄዱ። እኔም ማብሰያ ቤቷ ደጃፍ ቁጭ ብዬ ሆዴን አዳመጥኩት። ፍርሃቱ የለም። ልጆቼ ይበላሉ። ተርፈናል።