የሻረግ ውሃ የተገዘተ ዕለት

ከፍኖተ ሰላም በጠዋት ስነሣ ክፉ ወሬ ይዤ ነበር። ሥራዬ የውሃ ምርመራ ነው። ከቡሬ ወዲያ ካለች አንዲት የገጠር መንደር በመጣ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ አርሴኒክ የሚባል መርዝ አግኝተናል። ሰዎቿ ገበያ ሲወጡ ጣት እንዳይቀሰርባቸው የመንደሯን ስም አልጽፍም። አርሴኒክ ከመሬት ውስጥ ዓለት ይወጣል፤ ቀለምም፣ ሽታም፣ ጣዕምም የለውም። ዛሬ ቢጠጡት ነገ አያስተኛም፤ ለዓመታት ሲጠጡት ግን ለቆዳ፣ ለሳንባና ለፊኛ ካንሰር ያጋልጣል። እንዲህ ያለውን ነገር ለሰው ማስረዳት እንዴት እንደሚከብድ እኔ አውቃለሁ።

ቡሬ

ሚኒባሱ ማንኩሳን አልፎ ቡሬ ሲደርስ በየደጃፉ በርበሬ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ደጋግሜ አስነጠስኩ። ሹፌሩ በመስታወት አየኝና፣ «የቡሬ በርበሬ እንግዳ የሚቀበለው እንዲህ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ቁርሴን ቅቅል ድንች በድልህ በላሁ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ግን ጨረስኩት። ከዚያ በሽንዲ መንገድ በባጃጅ ሄጄ፣ የበቆሎ ክምር በሞላው ማሳ መሀል በእግሬ ገባሁ።

መንደሯ

ጉድጓዱን ያስቆፈሩት አያ ደሴ የሚባሉ አዛውንት ናቸው። ባለቤታቸው የሻረግ ዕድሜዋን ሙሉ ከገደሉ ሥር ካለው ምንጭ ውሃ በጀርባዋ ስታመላልስ ኖራ ሞተች። እሳቸውም ለተዝካሯ ያሰቡትን በሬ ሸጠው ድግሱን ትተው ጉድጓድ አስቆፈሩ። አገሬው «የሻረግ ውሃ» ይለዋል።

ዕለቱ ሚካኤል ስለነበር ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ አልተበተነም። እዚያው ቆሜ ውጤቱን ተናገርኩ።

«እኛ እኮ አፍልተን ነው የምንጠጣ!» አሉ እትየ ስንዱ የተባሉ እናት፣ ኮራ ብለው።

ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ አርሴኒክን ግን አያስወጣም፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ መርዙ እዚያው ይቀራል አልኳቸው። የምንጩን ውሃ ግን መርምረነዋል፣ አርሴኒክ የለበትም፤ እሱን አፍልታችሁ ጠጡ አልኩ። ማጉረምረም ተነሣ። «ማን ታመመ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ሁሉም ዞሮ አያ ደሴን አየ። ፈራሁ። ከጉድጓዱ አትጠጡ ማለት የሚስታቸውን ተዝካር አፍርሱ ከማለት አይተናነስም።

«ለጠላስ?» አሉኝ አያ ደሴ ዝግ ብለው።

«ለጠላም ለወጥም አይሆንም፣ አያ። ልብስ ይጠቡበት።»

ጋቢያቸውን አደግድገው ወደ ቄሱ ሄዱ። «አባ፣ ይግዘቱልኝ።»

«የሻረግን ውሃ?» አሉ ቄሱ፣ ደንግጠው።

«እሷን ሰው እንዲመርቃት ብዬ ነው ያስቆፈርኩት። ሰው እንዲታመምባትማ አይደለም። ይግዘቱልኝ።»

ቄሱ መስቀላቸውን አነሡ። «ከዚህ ጉድጓድ ቀድቶ ለመጠጥም ለምግብም ያዋለ፣ በሚካኤል ገዝቻለሁ!» ሕዝቡ ጎንበስ አለ። እትየ ስንዱ ቤታቸው ሄደው አፍልተው ያስቀመጡትን ውሃ ደጃፋቸው ላይ ሲደፉ አየሁ። ለፓምፑ ማስጠንቀቂያ መጻፊያ ብዬ ቀይ ቀለም ይዤ ነበር፤ ቆርቆሮው ሳይከፈት ቀረ።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በዚያ አገር ወንድ በጀርባው ውሃ አያዝልም። አያ ደሴ ቤት ገቡና የሻረግን ማዘያ ገመድ ከነጄሪካኗ ይዘው ወጡ፤ ከሴቶቹ ፊት ቀድመው ወደ ምንጩ መውረድ ጀመሩ።

«ኧረ ነውር ነው፣ አያ! እኛ አለን አይደል?» ብለው ሴቶቹ ጮኹ።

«እሷስ ስታዝለው ኖራ የለ?» አሉ፣ ዞር እንኳ ሳይሉ።

እኔም ተከትዬ ወረድኩ። ዳገቱን ስንመለስ ሦስቴ አረፉ፤ ማንንም አላሸከሙም። ስሰናበታቸው እጄን ያዙና፣ «ልጄ፣ ደህና ውሃ ያለበት ቦታ ስታገኙ ስሟን አትርሱብኝ» አሉኝ። «እሺ፣ አያ፤ አልረሳም» አልኳቸው።

መመለሻ

ፍኖተ ሰላም የገባሁት አመሻሽ ላይ ነው። ሰውን ስለ ካንሰር የማስጠንቀቅ ሥራ በማስፈራራት ብቻ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር። እዚያ መንደር ግን አንድ ሰው ለሌላው ጤና ሲል በጣም የሚወደውን ነገር በገዛ አፉ ሲያስገዝት አየሁ። እጄን ልታጠብ ቧንቧ ከፈትኩ። ውሃው ያለ ምንም ድካም ወረደ። ነገ ጠዋት አያ ደሴ ወደ ምንጩ ይወርዳሉ፤ እኔም ሌላ ጉድጓድ የሚቆፈርበትን ቦታ ማፈላለግ እጀምራለሁ።