የእትዬ ለተማርያም ፍግ

እትዬ ለተማርያም ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ እኔ የግድግዳ ጎረቤታቸው ነኝ። ከከተማችን ግንብ፣ ከፈላና በር ወጣ ብሎ ከአባታቸው የወረሷት ትንሽ የማሽላ ማሳ አለቻቸው። ማሳ ልበላት እንጂ ጭንጫ ናት። የፋብሪካ ማዳበሪያ እንደሆነ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ቢመጣም ዝናብ በጠፋበት ዓመት ቡቃያውን ያነደዋል። ስለዚህ ፍየል ከምታረባው ከረሂማ ጋር ተስማምተዋል። ረሂማ የፍየሎቿን ፍግ ትሰጣለች፤ እሳቸው ደግሞ ማሽላው ሲታጨድ አገዳውን ለፍየሎቹ ይሰጣሉ። ፍጉን ከአመድና ከቅጠል ጋር በማሳቸው ዳር ጉድጓድ ውስጥ ከተው፣ እቃ ያጠቡበትን ውሃ እያጠጡ ዓመቱን ሙሉ ያበስሉታል። ሰማዩ ሲጨክን ማሽላቸው የሚቆመው በዚያ ጥቁር፣ እርጥበት ያዥ አፈር ነው።

ዘንድሮ ሊዘሩ ሲሉ ጉድጓዱ ባዶ! ኒቆዲሞስ የሚባል፣ አደባባይ ላይ አበባ ሊተክል ጨረታ ያሸነፈ ሰውዬ በጋሪ አስጭኖት ሄዷል። እንግዳ ይመጣል ተብሎ ነዋ!

ደሜ ፈላ። እሳቸው፣ ረሂማና እኔ አበባው ወደሚተከልበት አደባባይ፣ ፈረስ መጋላ ሄድን።

«ልጄ፣ ያ ፍግ የኔ ነው» አሉት እትዬ ለተማርያም።

«እማማ፣ የተጣለ ቆሻሻ መስሎን እኮ ነው።»

ቆሻሻ! ቆሻሻ ከሆነ አበባው ሥር ምን ሊሠራ ገባ?

«ለማንኛውም እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እናየዋለን» አለ፤ ዓይኑን እንኳ ከስልኩ አላነሳም።

«የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ ልጄ» አሉና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ መሬት ላይ የተጋደመውን አካፋ አንሥተው መቆፈር ጀመሩ። ረሂማ «አላህ ይይላችሁ!» እያለች ጆንያ ዘረጋች። እኔም በእጄ ገባሁበት። እሳቸው የነቀሉትን አበባ ሁሉ «ይሄ ምን አጠፋ?» እያሉ መልሰው ይተክሉ ነበር። ጥበቃዎች መጥተው ክንዳቸውን እስኪይዙ ግማሹን ያህል አወጣን፤ እሱኑ በጆንያ ይዘን ወደ ማሳው ተመለስን።

እንግዶቹ መጡ፤ ፎቶ ተነሡ፤ ሄዱ። ዝናቡም አብሯቸው የሄደ ይመስል ጠፋ። ፍግ ያገኘው የማሳው ግማሽ እንደ ምንም ፍሬ ያዘ። ሌላው ከጉልበት ሳያልፍ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ኒቆዲሞስ በአደባባዩ ውበት ተሸለመ አሉ፤ ይሸለማ!

አገዳው ስላልበቃ ረሂማ አንዷን ብቻ አስቀርታ ፍየሎቿን ሸጠች። የከርሞው ፍግ ከየት ይምጣ?